ቀድማ የተገኘች

ቂሊንጦ ላይ ሆኖ ስለ መድኃኒት ማሰብ ቀላል ነው። በአዲስ አበባ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ጫፍ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ እህል ይዘራበት በነበረ ጥቁር አፈር ላይ፣ መንግሥት ከዓለም ባንክ ተበድሮ ለመድኃኒት አምራቾች የገነባው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። በዚሁ አካባቢ ቢራ ፋብሪካው፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው፣ ፍርድ የሚጠባበቁ ወንዶች የሚቆዩበት ማረሚያ ቤትና በየጊዜው አዲስ ነዋሪ የሚገባበት ኮንዶሚኒየም አሉ። ወደ ቱሉ ዲምቱ ወጣ ሲሉ ደግሞ ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ይጀምራል። ከመኪኖቹ አንዳንዶቹ ጉዟቸው እስከ ጅቡቲ ነው።

እኔ የማስባት መድኃኒት ግን እዚህ አትመረትም። ከህንድ ነው የምትመጣው። ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የሚባሉ ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ፍሬ ተጠቃለውባታል። በአገራችን ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ ካለ ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች አብዛኞቹ በቀን አንዴ ይውጧታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ግሎባል ፈንድ የአንድ ሰው የዓመት ዋጋዋን ከ45 ዶላር በታች አውርዶታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «የዕድሜ ማራዘሚያ» ትባል ነበር፤ አሁን ተጠቃሚዎቹ «መድኃኒቴ» ብቻ ብለው ያልፋሉ።

ለወንድም ለሴትም ያው አንድ ፍሬ ነች። አርባ አምስት ኪሎ የምትመዝን የቤት እመቤትም ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን የከባድ መኪና ሾፌርም የሚውጡት እኩል ነው። ይህም ሆኖ በየኤአርቲ ክፍሉ፣ ማለትም ይህ ሕክምና በሚሰጥበት ክፍል፣ የሚሠሩ ሰዎችን ብትጠይቁ ወንዱና ሴቷ አንድ ዓይነት መንገድ አይሄዱም። እሱ ዘግይቶ ይመጣል፣ ተዳክሞ ይመጣል፣ ከመጣም በኋላ ቶሎ ይጠፋል፤ ሞትም ወደ እሱ ያጋድላል። «ወንዶች ለራሳቸው አያውቁም» ይባልና ወሬው በዚሁ ይዘጋል። እኔ ግን በዚህ መልስ ረክቼ አላውቅም። እንዳልረካ ያደረገኝም በመቃብር ቦታዎች የተሰበሰበ አንድ አሮጌ ቁጥር ነው።

ከተማችን ሟቾቿን በወጉ በማትመዘግብበት ዘመን ተመራማሪዎች ሌላ መላ ዘየዱ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ የቀብር ቦታዎች ሁሉ የተቀበረው ሰው ዕድሜና ፆታ፣ ቤተሰቡ ስለ አሟሟቱ ከሚናገረው ጋር ይመዘገብ ጀመር። ቤተሰብ ደግሞ በዚያ ዘመን የበሽታውን ስም በቀብር ላይ አይጠራም፤ ሳንባ ነው፣ ጉበት ነው፣ ብርድ ነው ይላል። ስለዚህ አጥኚዎቹ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሟቾች ቤት ሄደው የሕመሙን ታሪክ በዝርዝር ጠየቁ። የቀብር ቦታው ቃል ምን ያህል እውነቱን እንደሚሸፍን ከለኩ በኋላ በኤድስ የሞቱትን ገመቱ።

እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2005 ባለው ጊዜ በኤድስ የሚሞቱ ወንዶች ቁጥር በ21.9 በመቶ ሲቀንስ የሴቶቹ የቀነሰው በ9.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከ2005 እስከ 2007 ደግሞ የወንዶቹ በ38.2፣ የሴቶቹ በ42.9 በመቶ ወረደ።

በሁለቱ ዘመናት መካከል የተለወጠው ዋጋው ነው። መድኃኒቱ ወደ አገር ሲገባ፣ በ1995 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ፣ የሚያገኘው ከፋይ ነበር። በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በመሃል ባሉት ጊዜያት ገንዘብ የነበረው፣ ወይም ገንዘብ የሚዋጣለት ሰው ዳነ። ገንዘቡ ለአንድ ሰው ብቻ በሚበቃበት ቤት ማን ቀድሞ እንደዋጠ አጥኚዎቹ አልጻፉም። እኔም በየቤቱ አልነበርኩም። ግን አባወራ ደመወዝተኛ፣ እማወራ የቤት እመቤት በሆነችበት አገር «እሱ ከተነሣ ሁላችንም እንነሣለን» የሚል ምክር ከአማትም፣ ከነፍስ አባትም፣ ከራሷ ከሚስቲቱም አፍ ሲወጣ መገመት አይከብድም። ክፉ ሰው ያላሰበው፣ ሁሉም ለቤቱ ብሎ የመከረው ምክር ይሆናል። ልዩነቱ የታየው ቀብር ላይ ነው።

ዋጋው ሲነሣ የሴቶቹ ሞት ከወንዶቹ በልጦ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ ዛሬ የምንሰማው ስሞታ መጣ፤ ወንዶች ይዘገያሉ፣ ወንዶች ይጠፋሉ። አንድ ነገር በአሥር ዓመት ውስጥ ከተገለበጠ ተፈጥሮ ነው ለማለት ይከብደኛል። የወንድ ልብም የሴት ልብም በዚህ ፍጥነት አልተቀየረም።

ነጻ መሆኑ ብቻውን እንዳልበቃም መታወስ አለበት። በዚያው ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንጦጦ ማርያም ጸበል ላይ ሰፍረው ነበር። ጸበልና ክኒን አይገናኙም ብሎ መድኃኒቱን የጣለ ብዙ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ መናገራቸው ስንቱን እንዳተረፈ የቆጠረ ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ሴቷ ልመለስ። ሴት ወደዚህ ሕክምና የምትገባው ብዙውን ጊዜ ታማ አይደለም፤ ስታረግዝ ነው። ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ ከደም ማነስ ምርመራ ጋር የኤችአይቪውም ይደረግላታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 የተቀበለችው አሠራር ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ቫይረሱ የተገኘባት እናት የሲዲፎር፣ ማለትም የመከላከያ ሕዋስ፣ ቁጥሯ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን መድኃኒት እንድትጀምር፣ ከዚያም እስከ ዕድሜ ልክ እንድትቀጥል ያዛል። እንጀራ ስትጋግር፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ምንም ሳያማት ተገኘች ማለት ነው። ለባሏ እንዲህ ያለ በር የለም። ወንድን በጤናው ሳለ ጤና ጣቢያ የሚያስገባው ምክንያት ጥቂት ነው። ብዙው የሚገኘው ሲታመም፣ ሳል አልለቅ ብሎት የሳንባ ምርመራ ሲደረግለት፣ ክብደቱ አልቆ ሰው ደግፎ ሲያመጣው ነው። በዚያ ሰዓት የተጀመረ መድኃኒት ከሞት ጋር ይሽቀዳደማል፤ አንዳንዴም ይቀደማል።

በ2010 ዓ.ም. ገደማ በከተሞች በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉ ሴቶች 4.1 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 1.9 በመቶ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። ይህን ቁጥር ያነበበ ሁሉ «በሽታው የሴት ሆነ» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። የሴት ገላ ለቫይረሱ የበለጠ ተጋላጭ ነው፤ ያለ ዕድሜዋ በዕድሜ ለሚበልጣት የምትዳር ልጅም እምቢ የማለት አቅሟ ትንሽ ነው። የቀረውን ግማሽ ግን ሰው አያስተውለውም፤ ጥናቱ የሚቆጥረው በሕይወት ያሉትን ነው። ቀድማ የተገኘችው፣ መድኃኒቱን የያዘችው፣ ሃያ ዓመት የኖረችው በቁጥሩ ውስጥ አለች። ዘግይቶ መጥቶ የሞተው የለም። ስለዚህ ያ ትልቅ ቁጥር መከራዋን ብቻ ሳይሆን መትረፏንም ይነግረናል።

ቀድሞ መገኘት ግን ዕዳ አለው። ይህን በደንብ ሳያዩ «ሴቶች ዕድለኞች ናቸው» ማለት ግፍ ነው። ቤት ውስጥ መጀመሪያ ስሙ የተጠራ ሰው አምጪ ይባላል። እሷ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ወረቀቷን በመቀነቷ ቋጥራ ስትመለስ የምታስበው ስለ ቫይረሱ አይደለም፤ ምን ብዬ ልንገረው ነው። ብትነግረው «አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ» ይመጣል፤ ዱላ፣ ከቤት መባረርም ሊከተል ይችላል። ባትነግረው ለዓመታት ተደብቃ መዋጥ ሊሆን ነው። ማን ከማን እንደያዘው ምርመራው አይናገርም። ቀድሞ የተመረመረው ማን እንደሆነ ብቻ ነው የሚናገረው። ግን በስንት ቤት ይህ ልዩነት ሳይታወቅ ትዳር ፈርሷል! የተገላቢጦሹም አለ፤ እሷ ነጻ ስትባል «እኔም ነጻ ነኝ» ብሎ የሚቀመጥ ባል። አንዱ አለበት ሌላው የለበትም የሚለው ውጤት በባልና ሚስት መካከል ብርቅ እንዳልሆነ ባለሙያዎቹ ሺህ ጊዜ ቢናገሩም፣ የሚስቱን ወረቀት ለራሱ የሚያነብ ወንድ ዛሬም ብዙ ነው።

ስለዚህ መደበቁም ይለያያል። እሷ የምትደብቀው ከቤት ነው፤ እሱ የሚደብቀው ከሥራ ቦታና ከጓደኛ። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ሲያንቀሳቅሱት ይንኳኳል፤ ብዙዎች ጤና ጣቢያው በር ላይ ወረቀቱን ልጠው ይጥሉታል፤ ፍሬዎቹን በፌስታል ወይም በሌላ መድኃኒት ዕቃ ያዞሯቸዋል። ከሽሮ ዕቃ ጀርባ፣ ከልጅ ልብስ መሃል፣ ከፍራሽ ሥር ይቀመጣሉ። የጠየቀ ካለ የጨጓራ ነው፣ የደም ማነስ ነው። እንደ ቂሊንጦ ያለ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ለዚህ ደግም ክፉም ነው። በዕጣው ላይ 30 በመቶው ለሴቶች ይያዝ ስለነበር በራሷ ስም በር ዘግታ የምትውጥ ሴት አለች፤ ይህ ቀላል ነጻነት አይደለም። ጎረቤቱም አዲስ ነው፣ ያለፈ ታሪኳን አያውቅም። በዚያው ልክ ግን እንዳያውቅባት ስትል በአቅራቢያዋ ጤና ጣቢያም ሆነ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል እያለ፣ ድሮ የጀመረችበት መሃል ከተማ ድረስ ታክሲ እየቀያየረች የምትሄድ አለች። ሩቅ ቦታ መታከም በገዛ ፈቃድ የሚከፈል ግብር ነው።

አሁን የወንዱን ነገር ልይ፤ ከልምድ ውጭ ትንሽ ልከራከርለት። ቂሊንጦ ማለዳ የወንድ ሠራተኛ አገር ነች። ግንበኛው፣ ቀን ሠራተኛው፣ የፋብሪካ ሺፍት ገቢው፣ አሸዋ ጫኙ በሌሊት ይወጣሉ። የኤአርቲ ክፍል ደግሞ በመንግሥት የሥራ ሰዓት ነው የሚከፈተው። ቀን ሠራተኛ ለቀጠሮ አንድ ቀን ከቀረ የዚያን ቀን ክፍያ ያጣል፤ ደጋግሞ ከቀረ ፎርማኑ በሌላ ሰው ይተካዋል። ለምን እንደቀረ ማስረዳት ደግሞ ከመቅረቱ የከፋ ነው። ሾፌሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቅ ቀጠሮው ያልፋል። ጤና ጣቢያ ሲደርስም በወረፋው የሚያያቸው ነፍሰ ጡሮች፣ ክትባት የያዙ ሕፃናትና እናቶቻቸው ናቸው። ማንም ውጣ ባይለውም፣ ቤቱ ለእሱ እንዳልተሠራ ይገባዋል። ከዚህ ላይ «ወንድ ልጅ አይታመምም» ብሎ ያሳደገውን ሰፈር ጨምሩበት። መጠጡንም ጨምሩ፤ ቢራና ክኒን አይስማሙም ብሎ የሚያምን ሰው ቅዳሜና እሁድ ቢራውን አይተውም፣ ክኒኑን ነው የሚተወው። ክኒኑን ከመዝለል ጠጥቶም ቢሆን መዋጡ እንደሚሻል በግልጽ የነገረው ባለሙያ ያገኘ ዕድለኛ ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ በ2010 ዓ.ም. የተጀመረው አሠራር ትልቅ ነገር ነበር። መድኃኒቱ የተስማማውና የቫይረስ መጠኑ የወረደ ሰው በወር በወር መምጣቱ ቀርቶ የስድስት ወሩን ባንዴ ወስዶ እንዲሄድ ተፈቀደለት። በአፍሪካ ይህን በአገር ደረጃ ቀድመው ከጀመሩት አንዷ ኢትዮጵያ ነች። ለሾፌሩ፣ ለግንበኛው ይህ ከምክር ሁሉ የበለጠ ምክር ነበር። ለሚስት ግን ሌላ ጥያቄ አመጣ፤ የስድስት ወር ብልቃጥ የት ይደበቃል? ለአንዱ መፍትሔ የሆነው ለሌላዋ ሸክም ሲሆን ማየት ይህን ሕክምና ስከታተል ደጋግሞ ያጋጠመኝ ነገር ነው።

የማረሚያ ቤቱም ነገር ያሳስበኛል። እዚያ ያለ ወንድ ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል፤ ሥራ አይከለክለውም፣ መንገድም አያስቀረውም። ክትትሉ የሚበጠሰው የተፈታ ዕለት ነው። ደስ ብሎት፣ ተቻኩሎ፣ የሪፈር ወረቀት ሳይዝ ይወጣል። ወደ ቤቱ ሲመለስ በመጀመሪያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ፍለጋ የሚወጣ ስንት ነው?

እስካሁን ያወራሁት ስለ መንገዱ ነው። ገላም ግን የራሱ ልዩነት አለው፤ እንደሚባለው አይደለም እንጂ። ሕክምናው ሲጀመር ብዙው ሰው የሚወስደው ስታቩዲን የነበረበት ቅንብር የእግር መደንዘዝ ያመጣ ነበር። ጉንጭን ያጎደጉድ፣ ክንድና እግርን ያቀጥን፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሆድና ጡት አካባቢ ስብ ያከማች ነበር። ወንዱ በኮት ይሸፍነው ነበር። ሴቷን ግን ሰፈሩ በመልኳ ያውቃት ነበር፤ ለቅሶ ቤት ገብታ ሳትናገር የተነገረባት ያን ጊዜ ነው። ኔቪራፒን የተባለውም ሴቶችን በሲዲፎር ቁጥራቸው ከ250 በላይ ሲሆን፣ ወንዶችን ደግሞ ከ400 በላይ ሲሆን ጉበታቸውን የመጉዳት ዕድሉ ይጨምር ነበር። ገላ እኩል አይደለም፤ ይህን የሚክድ የለም።

የሚያስቆጨኝ ሳይንሱ የሴትን ገላ ሲያይ ማሕፀኗን ብቻ የሚያይበት ልማዱ ነው። ኤፋቪሬንዝ ጽንስ ይጎዳል ተብሎ ለዓመታት ልጅ ልትወልድ ለምትችል ሴት እንዳይሰጥ ይመከር ነበር፤ በኋላ ስጋቱ እንደተባለው ሆኖ አልተገኘም። ከዚያ የተሻለው ዶሉቴግራቪር መጣ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ከቦትስዋና አንድ ዜና ተሰማ፤ ሲያረግዙ መድኃኒቱን ይወስዱ ከነበሩና ከወለዱ 426 እናቶች የ4ቱ ሕፃናት አከርካሪ ወይም አንጎል በወጉ ሳይገጥም ተገኘ። አራት ሕፃን ቀላል አይደለም፤ መጠንቀቁ ተገቢ ነበር። ነገር ግን በብዙ አገር ወንዱ ወዲያው ወደ አዲሱ ሲሸጋገር፣ ሴቷ፣ መውለድ ፈለገችም አልፈለገችም፣ ራስ በሚያዞረውና ቅዠት በሚያመጣው በአሮጌው ላይ ቆየች። ቆጠራው ሲሰፋ ስጋቱ እያነሰ ሄደ፤ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የዓለም ጤና ድርጅት ለሁሉም ይሰጥ አለ። በመሃል ባለፈው አንድ ዓመት ስንቷ ሴት ቁጭ ብላ «አንቺስ ምን ትመርጫለሽ?» ተብላ ተጠየቀች? ያልተወለደው ልጅ ጠበቃ ነበረው፤ እሷ አልነበራትም።

አዲሱ መድኃኒት ደግሞ ያወፍራል፤ ከወንድ ይልቅ ሴትን። በጆሃንስበርግ የተካሄደ ትልቅ ሙከራ በግልጽ አሳይቶታል። እኛ ዘንድ ይህ እንደ ጉዳት አይቆጠርም። መክሳት የበሽታው ምልክት በነበረበት አገር መወፈር የጤንነት ወረቀት ሆኖ ይታያል፤ «አማረብሽ፣ ተመለስሽ» ይባላል። እሷም ደስ ይላታል፤ ማንስ ደስ አይለው! ግን በ1997 ዓ.ም. በሰላሳ ዓመቷ የጀመረች ሴት ዛሬ ሃምሳን አልፋለች። የወር አበባዋ ቆሟል፣ ደም ግፊቱና ስኳሩ ደጅ ላይ ናቸው፤ ከሌሎች ሴቶች በስድስት እጥፍ ከፍ ያለ የማሕፀን በር ካንሰር ስጋትም አለባት። በክፍሉ የምርመራው ዕድል ስላለ፣ ቫይረሱ ከሌለባት ጎረቤቷ ይልቅ እሷ ቀድማ የምትደርስበት ጊዜ አለ። እንደገና ቀድማ ተገኘች እንበል።

በነዚህ ሃያ ዓመታት የቀረውን ሰው እየፈለጉ የመለሱት ሐኪሞች ብቻ አይደሉም። ከሕሙማኑ መካከል ተመርጠው ኬዝ ማኔጀር የሆኑ፣ በእናቶች ድጋፍ ቡድን ያሠለጠኑ፣ ብዙዎቹ ራሳቸው መድኃኒቱን የሚውጡ ሴቶች ናቸው። ቀጠሮ ያለፈባቸውን ስም ዝርዝር ይዘው ስልክ ይደውላሉ፤ ካልተነሣ ቤት ይሄዳሉ፤ የወንዱ ስልክ ከተዘጋ እህቱን፣ ወንድሙን በዘዴ ይጠይቃሉ፤ ሲያገኙትም ሳይቆጡ ያመጡታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5,000 የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ።

ክኒኗ ራሷ አልተቋረጠችም። ግን ዋጋ በብር ብቻ አይጠየቅም። ወረፋው ሲረዝም፣ የሚደውል ሲጠፋ፣ «ካርድ ክፍል ጠይቅ» ሲባል ቀን ሠራተኛው ቀድሞ ይቀራል፤ የሚፈልገውም የለም። ነጻ መሆኑ ራሱ አንድ ቀን ከተነካ ደግሞ ማን ወደ ኋላ እንደሚቀር ከ1997 ዓ.ም. በፊት የነበረው የቀብር መዝገብ ጽፎታል። ለዚህ በጀት የሚያወጡ ሰዎች ወንዱንና ሴቷን አንድ ረድፍ ላይ ጽፈው፣ አንድ ቁጥር ሰጥተው ሲያልፉ ሳይ፣ ያንን መዝገብ ከፍተው እንዲያነቡት እመኛለሁ።